ቆጠራ በፈረንጅ አራዳ

ደብተሬን ሸጉጬ፣ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ፣
ከማዘጋጃ ቤት መጣሁ የቀረውን ላይ፤
ፈረንጅ አራዳ፣ ከአሮጌው ሲኒማ፣
ጣሪያው ከሚያሳልፈው ዝናቡን የጅማ።
ይፈርሳል ተብሏል፤ ከመፍረሱ በፊት
ይቆጠር ተብሏል ያለው ሁሉ ንብረት።

ወንበር፦ አርባ ሁለት። ግማሹ እግር የለው።
መጋረጃ፦ አንድ። አይጥ የተካፈለው።
መሳቢያ፦ አንድ። ውስጡ የአንድ እግር ጫማ፣
የማን እንደነበር ከማንም ያልተሰማ።
ከደረጃው በታች፣ ከኖራው ጆንያ ሥር፣
ሰባት ክብ ቆርቆሮ የታሰረ በክር።
ከፈትኩት፤ ኮምጣጤ ሸተተኝ ባንዴ፣
ዓይኔ እንባ አቀረረ። የሣቅ ዕቃ እንዴ
እንዲህ ያስለቅሳል? አላወቅኩም ያኔ።

ስሟ ያለበቱ ወረቀት ተቀዷል፤
ከአንዱ ክዳን ላይ ግማሽ ቃል ተርፏል፦
«…ኛዋ ሴትዮ» ይላል በቀይ እርሳስ።
ቀልደኛዋ ትሆን? ችግረኛዋ? ነገረኛዋ?
ጻፊው የለ፣ ማን ይመልስ።

ሚፍታ አባ ቡልጉ፣ ባጃጅ ጠጋኙ፣
ማሽኑን ፈታና በናፍጣ አጠበው፤
የረገፈ ጥርሱን ከስፌት መኪና ነቅሎ ተካው።
አምፖሉ ከሞተ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፤
የባጃጅ የፊት መብራት ሰካበት። በራ።
አናጢዎቹ በርጩማ አዋሱን፣
ከሆስፒታሉ አንሶላ ለምነን ሰቀልን፣
ማኅተሙ መሃል ላይ፣ ሰማያዊ፣ ደብዛዛ።
ለሙዚቃው የአዌቱ እንቁራሪት ይበቃል።

መጣች።
ቀጭን፣ ዓይነ ሰፊ፣ የወንድ ሱሪ የታጠቀች፣
ከኬክ ቤት መስኮት ዘልላ በጣሪያ በጣሪያ የሮጠች፤
ፖሊሱ ሲደርስባት ዱቄት ነፋችበት፣
ፖሊሱ ሐውልት ሆነ፤ ውሻ እግሩን አነሣበት።
ሣቅን። እኔም ሣቅኩኝ፣ ደብተሬ እስኪወድቅ፤
ቆጣሪ አይሥቅም ያለ ካለ ይወቅ።
ስመ ጥሮቹንማ ማን ያጣቸዋል?
በከረሜላ ልጣጭ ላይ እንኳ አሉ።
እሷን ግን ያቺው ሆሊውድ ራሷ
ከየትኛው ደረጃ በታች ጥላት ይሆን?

ከኋላ ተማም አባ ዋጂ ተቀምጠዋል።
በወጣትነታቸው የዚህ ሲኒማ አፍ ነበሩ፤
ፊልሙ ዲዳ ነውና ከአንሶላው ጎን ቆመው፣
አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣
አፏን በከፈተች ቁጥር ቃል የሚያጎርሷት፦
«አንተ የሂርማታ ቀራጭ፣ ቅቤዬን መልስ!»
አዳራሹ ይሰነጠቅ ነበር አሉ።
ዛሬ ጆሯቸው አይሰማም።

ድንገት ብድግ አሉ፤ በርጩማው ተንኳኳ፤
«ውሸታም ነበርኩ ለካ!
የምትሳደብ መስሎኝ ስንቱን ሰደብኩላት፤
ጆሮዬ ሲዘጋ ነው ዓይኔ የበራላት።
እዩዋት፣ መሰላሉ ከመሰበሩ በፊት፦
ልጅቷ ፈርታለች። የእውነት ነው ፍርሃት።
ፈርታ ነው ያሣቀችን፤ አላየሁም ሙያዋን፣
በጩኸቴ ሸፈንኩት ያን ሁሉ ሥራዋን።»
እየጮኹ ነው የሚሉት፣ ለራሳቸው አይሰማቸውም።

ዝም አልን። ሰባተኛው ቆርቆሮ ዞረ።
መሰላሉ ተሰበረ።
እጇ የኬክ ቤቱን ማስታወቂያ ጨበጠ፣
እግሯ አየር ረገጠ፣
ከዚያ ምስሉ ሻገተ፣ ነጣ፣ ተቆረጠ።

«ወደቀች?» አለች ሰሚራ፣ የሚፍታ ልጅ።
ሰው ሁሉ ወደ ተማም ዞረ፤ ተማም አልሰሙም።
የባጃጁ መብራት ባዶውን አንሶላ፣
ያንን ሰማያዊ ማኅተም
ብቻውን ሲያበራ ቆየ።

ጠዋት ቅጹን ሞላሁ።
«ሰባት ቆርቆሮ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት።
ብዛት፦ አንድ።
ዓይነት፦ ሴት።
ስም፦ አልተገኘም።
ሁኔታ፦
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
አለቃዬ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤
የሚሸጥ፣ የሚወገድ።
ዝናቡ ጣሪያውን ጀመረው፣
ከጠብታው ደብተሬን ከለልኩና
«ያልወደቀች» ብዬ ፈረምኩ።