የትውልድ ቀን፣ በግምት

ሐዴራ ላይ ዝናብ ይወርዳል። ከፋብሪካ ማታ ገብቼ
ካርታውን በአራት ማንኪያ ወጥሬ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ
በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ዐሥራ ሦስት ትልልቅ ደሴት፣
ባሕር እሳት አምጦ የጣላቸው፣ ያለ አዋላጅ፣ ያለ ጎረቤት።

ያለምወርቅ በሩን ገፋ አርጋ፣ ዣንጥላዋን እያራገፈች
«ማን አለህ እዚያ? ሠርግ ነው? ወይስ ተዝካር?» አለች።
«ማንም የለኝ።»
«ታዲያ?»
«ዔሊ አለ፣ ጥጃ የሚያህል። ባሕር የሚዋኝ እንሽላሊት።
ወፍ አለ፣ እግሩ ሰማያዊ፣ እሱን እያነሳ የሚለምን ሴት።»
«ለወፍ ነው ይሄ ሁሉ ሼቄል? ሽመላው እዚህ በደጃችን
በዓመት ሁለቴ፣ በነጻ፣ ያልፍ የለም ወይ በራሳችን?»

ሄደች። ጫማዋ ደረጃው ላይ ሲንቋቋ ይሰማኛል።
እውነቷን ነው፤ ዕድሜ ልኬን መንገድ ስወጣ ሰው ይጠራኛል፤
ለለቅሶ እስከ ዓፉላ፣ ለሠርግ እስከ ቢርሼባ፣
ካልተጠራሁበት አገር እግሬ እንኳ የማይገባ።
አሁን ግን ስሜን የሚያውቅ ነፍስ በሌለበት
ልሂድ አልኩ፤
ዝም ብሎ ለማየት።

ልጄ ኖጋ ቅጹን ትሞላለች። ሕጉን ጮክ ብላ አነበበች፦
«ድንጋይ አታንሱ። አትመግቡ። ሁለት ሜትር ራቁ» አለች።
«እሱ ቢቀርበኝስ?»
«ይቀርባል፣ አባ። ሰው መፍራት አልተማረም።»
ፍርሃት ትምህርት እንደሆነ እኔ እስከዛሬ አላወቅሁም።

«የትውልድ ቀን» ጋ ስትደርስ ሳትጠይቀኝ ጻፈች፦ ጃንዩዋሪ አንድ።
እሱማ ጸሐፊው የወለደኝ ነው፣ ባየር ማረፊያ፣ በብዕር፣ በግድ።
እናቴ የምታውቀው ሌላ ነው፦ ማሽላው ሊያሽት ሲል፣ ማታ፣
ወንዙ ድልድዩን በወሰደ በዓመቱ፣ ጅብ አህያዋን በበላ ለታ።

ዔሊውም፣ ይላል መጽሐፉ፣ መቶ ሃምሳ ነው፣ በግምት።
በግምት!
ለካ ዘመድ አለኝ፤ ያለምወርቅን ዋሽቻት።

ገና አራት ሺህ ሁለት መቶ ሼቄል ይጎድላል።
ክትባቱ አለ። ጫማው አለ። መርከቡም ቀብድ ይላል።
እስከዚያው ዓርብ ጠዋት፣ ከኃይል ማመንጫው ሥር፣ ሞቃቱ ውሃ በሚወጣበት፣
ከኖጋ ጋር እንቆማለን፤ ሻርኮች ይሰበሰባሉ ብርዱ ሲበረታ፣ ለሙቀት።
ክንፋቸው ብቻ ይታያል።
ሁለት ሜትር እንለማመዳለን።

ትናንት እኩለ ሌሊት ላይ ግድግዳዬ ተንኳኳ፤ ያለምወርቅ ናት።
«ያ ወፍ... እግሩ ምን አልከኝ?»
«ሰማያዊ።»
«ውሸታም» አለች፣ ቀስ ብላ።
ግን ከግድግዳው አልራቀችም።