የውሉ ጫፍ

ሐረጎን ስንወጣ ጉም መንገዱን በላው፣
ሾፌሩ በጡሩምባ በዳበሳ ነዳው።
ጉልበቴ ላይ ፌስታል፤ ኒካሕ በላስቲክ ታሽጎ፣
የሐያት የልደት ካርድ፣ ከላዩ ተደርጎ፣
አይጥ የቀማመሰው የግብር ደረሰኝ፣
ለጠበቃ ያሰብኩት፣ እቁብ የደረሰኝ።

ኮምቦልቻም ጠበቃ ሞልቷል፤ ግን ምን ዋጋ፣
ገና በር ሳንኳኳ ወሬው ሙሄ ጋ።
ሙሄ ከባድ ይነዳል፤ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ጅቡቲ፤
ለመሄድ አንድ ሌሊት፣
ለመምጣት ሦስት ክረምት።
ሽማግሌው ሦስቴ መጣ፤ ሦስቴም በላ፤
ሦስቴም «ጠብቂው» አለኝ፣ ከታጠበ ኋላ።
ጠበቅሁት።
ጠብቄ ጠብቄ፣
ይኸው፣ ጠበቃ ፍለጋ ደሴ።

ሸርፍ ተራ፣ ከቆርቆሮ መሸጫው በላይ፣
ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው አያሳልፍም።
ሁለቴ ወጥቼ ሁለቴ ወረድኩ።
በሦስተኛው አንድ አዛውንት ከኋላዬ በከዘራ ሲመጡ
መመለሻ አጥቼ ደረስኩ።

አቶ ኑርዬ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ፣
ፈገግታ የማያባክን ሰው ነው።
«ስም?»
አንሻ እብሬ።
«ሥራ?»
ፈታይ፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሁለተኛው ፈረቃ።
«ፈታይ ነሽ ወይስ ፈቺ?» አለና
አንዴ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ አልደገመውም።

አፌን ስከፍት ሁሉም ባንዴ መጣ፤
የአማቴ ነገር፣ የስልኩ ነገር፣ የሚሌዋ ሴት፣
ያ የረመዷን ሌሊት፣ የተገነጠለው በር፣
ሐያት «አባቴ ቁመቱ ስንት ነው?» ያለችኝ ቀን፤
ልቃቂቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።
እሱ ዝም። ብዕሩን እንኳ አላነሣ።
ሲወጣልኝ፣ «እኅቴ፣» አለ፣ «ይሄ ሁሉ ክር ነው።
ውሉ የቱ ጋ ነው?»

ይኼማ የእኛ ቃል ነው፣ የፋብሪካዎቹ።
ክር ሲበጠስ አትጎትቺ፤
ጫፉን ፈልጊ፣ ያዢ፣ ቀጥዪ።
ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ክር ስቀጥል
የራሴ ጫፍ የት እንደወደቀ አላየሁም።

«ቤቱ፣» አልኩ። «ቆርቆሮውን የገዛሁ እኔ፣
ካርታው ላይ ያለው ስም የሱ።»
«በትዳር ውስጥ የመጣ የጋራ ነው።» አሁን ጻፈ።
«ልጅቷስ?»
ከኔ ጋ።
«ቀለብ?»
ዝም አልኩ። ቀለብ ሲባል
ዶሮ ነው የሚታየኝ፣ ወታደር ነው፤ አባት አይደለም።
እሱ ግን ጻፈው።
«ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፤
መደበኛውም አለ። ምርጫው ያንቺ ነው።»
ያንቺ ነው።
ቃሉን እንደማላውቀው ሳንቲም አገላበጥኩት።

ዋጋውን ሲነግረኝ ደነገጥኩ፤
እንደ ሰኞ ገበያ በርበሬ ተከራከርኩ፤
ጥቂት ወረደ፣ ቀሪው በሁለት ጊዜ።
ብሩን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ነው እውነቱን የነገረኝ፦
«ቀጠሮ አለ፤ ከቀጠሮው ወዲያም ቀጠሮ አለ።
አሸንፋለሁ አልልሽም።
አልጠፋብሽም።»

ከዚያ ወረቀት ዘረጋ። ውክልና።
«እዚህ ፈርሚ፤ ውልና ማስረጃ ሄደን ደግሞ እናጸድቀዋለን።»

ብዕሩ በጣቴ መሀል ቀዘቀዘ።
ኒካሕ ሲታሰር እኔ ጓዳ ነበርኩ፣
ጉልበቴን አቅፌ ከግድግዳው ማዶ አዳመጥኩ፤
ወኪሌ አጎቴ «ሰጠሁ» አሉ፣ ሙሄ «ተቀበልኩ»፤
ማንም «አንሻስ?» አላለም፤ እኔም ዝም አልኩ።
ያኔ ወኪል ተሰጠኝ።
ዛሬ ወኪል ሾምኩ።

ፊርማዬ ጠመመ። የ«ሻ» እግር ከመስመር ወጣ።
«ሌላ ወረቀት አለ?» አልኩት።
«ይሄው ይበቃል» አለ።

ስመለስም ጉሙ አልገፈፈም፤ ሐረጎ እንደዚያው ነጭ።
ስልኬ ጮኸ። ሐያት ናት፤ የቤት ሥራ አለባት፣
የቃላት ፍቺ።
«ዐሥር ናቸው፣ እማ። ከየቱ ልጀምር?»
«ከምታውቂው» አልኳት።