ለአባቴ አፍንጫ

«ጤዛው ሳይተን አትቁረጪ» ይላል፣
ፀሐይ ሲበረታም ቅጠሉ ይዝላል፤
በሁለቱ መሀል አንዲት ሰዓት አለች፣
ንቧ እንኳን ገና ክንፏን እያደረቀች።
በዚያች ሰዓት ወጣን፣ እኔና አባቴ፣
እሱ በምርኩዙ፣ እኔ በቅርጫቴ።

ነገ ዕርገቷ ነው። በዚህ በእኛ ቲሮል
ባዶ እጁን ደጀ ሰላም የሚረግጥ ያፍራል፤
ቄሱ ጠበል ረጭቶ የባረከው ነዶ
በታኅሣሥ ሌሊት ከፍም ላይ ተማግዶ
ከጋጣ እስከ ቆጥ ድረስ ቤቱን ያጥናል፣
ከመብረቅም ከዓይንም ይጋርዳል ይባላል።

መሀሉ ቀጠጢና፣ እንደ ጧፍ የቀና፣
ዙሪያውን አሪቲ፣ ጦስኝ፣ ቁንጥር ናና፣
ካሞሚል፣ ጤና አዳም፣ ሴጅ፣ እንስላል።
«ስምንት ሆነ» ስለው ራሱን ይነቀንቃል።
«ሙሉ ቁጥር ነዋ! ለዚህ ቤት አይሆንም፣
በረከት በጎደሎ እንጂ በሙሉ አይመጣም።»
አለና አጎንብሶ ከአጥሩ ሥር ቀጠፈ
እናቴ ከተከለችው፣ ክረምት ካሳለፈ፣
ላቬንደር። አፍንጫው ጋ አስጠግቶ ሳበ፣
ከቅርጫቱ ጣለው፣ ምንም እንዳላሰበ።

ካንድ ትኩሳት ወዲህ፣ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣
የሽታ እግር ጠፍቷል፣ አይመጣም ከቤቱ።
ወተት መኮምጠጡን በምላሱ ያውቃል፣
ድስት ሲያር ደግሞ ጩኸቴን ይጠብቃል።

«አጥብቀሽ አትሰሪው፣ እስር ቤት አይደለም፣
አየር ያልገባበት ቅጠል አይደርቅም።»
የተልባ እግር ክሩ አልቆ ነበርና
ከወንድሜ ማጥመጃ ናይሎን ቆረጥኩና
አሰርኩ። ማን ያያል? ክር ክር ነው።

ቁልቁል ዘቅዝቀን ከቆጡ ጨለማ ሰቀልነው።
በየሳምንቱ መሰላሉን እያቃሰተ ወጥቶ
ጆሮው ሥር ይነቀንቀዋል፦
ዝም ካለ ገና ነው፣
ኮሽ ካለ ደርሷል።
በጥቅምት አጋማሽ ከላይ ሆኖ ጮኸ፦ «አወራ!»

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ በረዶው መስኮት ላይ ሲከመር፣
የጭስ ሌሊት ገባ፤ ፍሙን ከምድጃ ዛቅን
በአሮጌ የብረት መጥበሻ።
እሱ መጥበሻውን ያዘ፣ እኔ ቅጠሉን።
እየቆነጠርኩ እበትናለሁ፣
እሱ እየጸለየ ይመራል፤
ከጸሎቱ መሀል «በሩን ዝጊ፣ ሙቀቱ ይወጣል» ይላል፣
ያቆመበትን ሳይስት ይቀጥላል።
ጋጣ ገባን። ሦስቱ ላሞች አስነጠሱ፤
አይ፣ አንዷ ናት ያስነጠሰችው፣
ሁለቱ ዞረው አዩዋት።

ከእናቴ ክፍል ደፍ ላይ እግሩ ዘገየ።
በእጄ የቀረው የእስሩ ጉራጅ ነበር፣ ቋጠሮው ያለበት፤
ሳላስብ ጣልኩት።
ናይሎኑ ተኮማተረ፣ ጠቆረ፣ ቀለጠና
የተቃጠለ ባልዲ፣ የተቃጠለ ጫማ ሽታ
ጉሮሮዬን ያዘኝ።
ልናገር አፌን ስከፍት
አባቴ መጥበሻውን ወደ ፊቱ አቅርቦ፣
ዓይኑ በጭሱ ዕንባ አቅርሮ፣
በረጅሙ ሳበ።
«የፊሎሜና ላቬንደር» አለ።
«መጣልኝ፣ ቡርጊ። መጣ።
አንቺስ? ይሸትሻል?»

ፍሙን አየሁት፤ ጥቁር ጠብታ ይንተከተካል።
«ይሸተኛል አባ፣ እንዴት አድርጎ!»
መስኮቱን ከፈትኩ፣ በረዶውን የማይ መስዬ፤
እሱ ግን እጁን ዘርግቶ
«ተይው፣ ይወጣብናል» አለኝ።
ዘጋሁት።
ከአልጋዋ ጫፍ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣
ፍሙ አመድ እስኪለብስ።

ዘንድሮ ከላቬንደሩ አጠገብ
አንድ ክንድ የማትሞላ መደብ ቆፍሬ
ተልባ ዘርቻለሁ።
ምንድን ነው? ሲለኝ
«ለክር» አልኩት።
«ሱቅ ሞልቶ?» ብሎ ሳቀብኝ።