ጀርባ ሰጪው

በነሐሴ ማለቂያ፣ ጭቃው ገና ሳይጠና፣
ሁለት ልጅ አራገፈ የመተማ መኪና።
አንደኛው አስማረ ነው፣ ቀጭን፣ እግረ ፈጣን፤
እሱን ለመውደድ አንድ ቀን ነው የወሰደብን።
ሌላው ይታያል ይባላል።
ትከሻው በር ያህላል፣ ሲራመድ ይዘገያል፤
ስድስት ዓመት ሰሊጥ ከመኪና ሲጭን
ጆንያው ከጀርባው ላይ የቀረ ይመስላል።

«አጥቂ ነው ያሉን ይኼ ነው?» አልን እርስ በርሳችን፣
ሳሙና በር ድረስ ተሰማ ሳቃችን።

እኔ የቀኝ ክንፍ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ
እግሮቼ ከኖራው መስመር ላይ ሲውሉ
ሥራዬ አንድ ነበር፤ አንጋጦ ማሻማት፤
ኳሷን ሰማይ ሰድዶ «እግዜር ያውርዳት» ማለት።
የአንገረብ ልጆች ጎል እንዲህ ነበር፣ ዕጣ፤
ከአሥር አንዷ ስትቀና፣ ዘጠኟ ሜዳ ስትወጣ።

መጀመሪያ ልምምድ፣ ቀሃ ዳር ሜዳው ላይ፣
ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ቆመ ይታያል።
ጎሉን አያይም።
ጀርባውን ነው የሰጠው።

እዚህ አገር ጀርባ የሚሰጥ ሰው
ወይ ሸሽቷል፣ ወይ ከድቷል፣ ወይ እንቅልፍ ወስዶታል።
አባቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ የጠባሳ ነገር ሲነሣ
«ደረት ላይ ከሆነ አውራው፣
ጀርባ ላይ ከሆነ ሸፍነው» ይል ነበር።

አሠልጣኝ ጥጋቡ ፊሽካውን ከጥርሱ አውጥቶ
«ለሱ ስጡና ሂዱ» አለ። «ቆሞ የሚያየው ማነው? ሂዱ!»

ሰጠነው።
ሁለቱ ተከላካይ ከኋላ ተጫኑት፤
እንደ ዋርካ ግንድ ነው፣ ገፉት፣ አልነቀሉት።
ኳሷን ከእግሩ ሥር፣ እንደ ሰው አደራ፣
ለአፍታ አሳደራት፤
ዞር ብሎም ሳያይ፣ በውስጥ እግሩ ነክቶ
እኔ የማልደርስበት መሰለኝ፣ ላካት።
ደረስሁ።
ሜዳው ባዶ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ
ያን ባዶ ቦታ አላየሁትም፤
ሰዉ ሁሉ ለካ እሱን ሊገፋ ሄዷል።

ሁለት ጨዋታ ግን ተሸነፍን።
ልማድ በአንድ ክረምት አይለቅም፤
ሩጥ ሲሉን ቆምን፣ ቁም ሲሉን ሮጥን።
ከሦስተኛው ወዲህ ነገሩ ቦታ ለወጠ፤
የግራ ተከላካዩ ሙላው ክንፍ ሆኖ አመለጠ፤
በረጅም መለጋት ቢከለከል ስጦታው በረኛው
ሳምንት አኮረፈ፣ ክብሩን የነጠቁት እየመሰለው።
ደምስ ብቻ፣ ዘጠኝ ዓመት አግቢያችን የነበረው፣
ተጠባባቂ ወንበር ላይ ብርቱካን ይልጣል፤
ልጣጩን ሳይበጥስ፣ ረጅም፣ አንድ ወጥ፣
የራሱን ዘመን እንደሚጠቀልል።

ከአዘዞ ጋር ስንገጥም፣ ሰባ አራተኛው ደቂቃ፣
ካፊያ ነበር፤ ሜዳው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ጭቃ።
ሙላው ሰጠው። ሦስት ሰው ተንጠለጠለበት፤
እግሩን ከፈት አድርጎ
ኳሷን ሳይነካት አሳለፋት።
ከኋላው አስማረ። መረቡ ተንቀጠቀጠ።
ስታዲየሙ «አስማረ!» አለ፣ ጭፈራው ቀለጠ፤
እኛም እላዩ ላይ ተቆለልን።
ከክምሩ ሥር አንገቴን አውጥቼ
ይታያል ከጭቃው ሲነሣ፣ ብቻውን፣
ካልሲውን ሲስብ አየሁት።
ሌላ ማን አየው?

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ማልያውን ሲያወልቅ
ጀርባው የጫማ ጥርስ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፤
ከሥሩ የድሮው የገመድ ሰንበር።
ደረቱ ላይ አንድም የለ።
አባቴን አሰብሁት። የሚለው የሚያጣ መሰለኝ።

ቅባቱን ያመጣው ደምስ ነው። ከአጠገቡ ተቀምጦ፣
ብርቱካኑን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ሰጥቶ
«ያምሃል?» አለው።
ይታያል አፉን እንደሞላ
«ጆንያ ይሻል ነበር» አለ። «ጥርስ የለውም።»