የእራፊ ስፌት

ብሎክ ዐርባ ሁለት ተከራዩ ሲለቅ፣
ሶፋውን አስጭኖ፣ ፍራሹን ጠቅልሎ፣
ከደረጃው ሥር፣ በዘይት ካርቶን ውስጥ
እሷን ረስቶ ሄደ፤ ወይ ደግሞ ረሳሁ ብሎ።

ከስፌት መኪናዬ ፔዳል አጠገብ
በቁርጥራጭ ጨርቅ ጎጆ ቀለሰች።
«እራፊ» አልኳት። ስሟን እንኳ ሳትለምድ
ሜትሬን እስከ ሠላሳ ቀርጥፋ ጨረሰች።
(እስከ ዛሬ ድረስ የቱሉ ዲምቱን ወገብ
ከሠላሳ አንድ ጀምሬ ነው የምለካ።)

በጥር ግን ከደረቷ ጠጉሯን ነጨች፤
በአፏ እያመላለሰች አልጋ አነጠፈች
ለማይመጡ ልጆች።
ወንድ የላት፣ የጸነሰችው የለ።
ሦስት ቀን ሙሉ ባዶውን አልጋ ጠበቀች።
እኔ ይህን ሥራ ዐውቀዋለሁ፤
አንድ ቢጫ ቀሚስ፣ የክንድ ግማሽ፣
መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

«ማሕፀኗ ይውጣ፤ ሲቆይ ዕጢ ያበቅላል» አሉኝ የሚያውቁ።
ቦሌ ያለው ክሊኒክ በስልክ ዋጋ ጠራልኝ፦
ዐሥራ አራት ሺህ። «ለጥንቸል?» «ለጥንቸል» አለኝ።
በሱሪ ስመነዝረው፣ በተማሪ ዩኒፎርም፣
ሰባ ሱሪ ነው፤ ክርና ዚፑን ሳልቆጥርም።

ትብለጥ ከውሃ ወረፋው ጄሪካኗን አስቀመጠች፦
«ለማይበላ ሥጋ፣ ያውም ለማምከን፣ ትከፍያለሽ?» አለች።
«አንቺ ራስሽ እንኳ…» ብላ ተወችው።
የተወችውን እኔ ጨረስኩት፤
ጨርሼም ዋጥኩት።

ገላን፣ ከወፍጮ ቤቱና ከገለባ ሻጩ መሀል፣
ዶክተር ለሊሳ እጁ እስከ ትከሻው ላም ውስጥ ገብቷል።
«ጥንቸል?» ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ።
«ተማሪ ሳለሁ ብዙ ቀድጃለሁ፣
ለልምምድ። አንዷም አልነቃችም፤
እንድትነቃም አልታሰበም።»
ጓንቱን አውልቆ መሬት መሬት አየ።
«የመድኃኒቱን ሁለት ሺህ፣ በሁለት ጊዜ ክፈዪ፤
የእጄን ተዪው።
አንዷን ማንቃት እፈልጋለሁ።»

የነፃ ነገር አይመቸኝም።
ጋውኑ ብብቱ ላይ ተተርትሮ ነበር፤
በዚያው በተበላው ሜትር ትከሻውን ለካሁት፤
«ሁለት ጋውን» አልኩት።

ቀኑ ደረሰ፤ ዐቢይ ጾም ነው።
«ውሻ ቢሆን ጾሞ ያድር ነበር፤ እሷ ግን ትብላ» ብሎኛል፣
«የጥንቸል አንጀት አንዴ ከቆመ መነሣት ይቸግረዋል።»
እኔ እህል ሳልቀምስ፣
እሷ ጭኔ ላይ ጎመን ስትቆረጥም፣
ባጃጁ በኮብልስቶኑ እየዘለለ አደረሰን።

ደጁ ላይ አህያ የያዙ ሽማግሌ፣ ኦቦ ቱፋ፣
«ምኗን ነው የሚያማት?» አሉኝ።
«አያማትም፤ እንዳያማት ነው።»
ዞረው አህያቸውን አዩ፣ የተላጠ ጀርባዋን።
«እሱስ ቀድሞ ነበር» አሉ።

ሲጨርስ ሆዷን አሳየኝ፤ ዘጠኝ ስፌት።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋሁ ሴት ነኝ፤
ሦስተኛው ጠማማ ነበር። አልነገርኩትም።
እጁ የሚንቀጠቀጠው አሁን ነው፣ ሁሉ ካለቀ፤
እሷ አንድ ጆሮዋን ቀጥ ስታደርግ
ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ቁስሏን እንዳትልስ ልብስ አልብሻት» አለኝ።
ማታ መሳቢያውን ከፈትኩ።
ቢጫው ልኳ ነበር፤ እጅጌውን ብቻ ቆረጥኩ፣
ለጅራቷ ቀዳዳ ተውኩ።

አልበላ አለች።
የጎመን ውሃ በሲሪንጅ፣ ጠብ፣ ጠብ፣
መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን፣
ጉንጯን በጣቴ ከፍቼ።
ሊነጋጋ ሲል፣ ከቢጫው ጫፍ ሥር፣
አንዲት ፍሬ፣ ከአተር ያነሰች።
ከዚያ ሦስት። ከዚያ ሰባት።
እንደ ገንዘብ ቆጠርኳቸው።
ዶክተሩ በእንቅልፍ ድምፅ «ምን ሆነች?» ሲል
«አራች!» አልኩት ጮኬ፣ «አራችልኝ!»
ዝም አለ። ከዚያ በኦሮምኛ ፈጣሪውን አመሰገነ።

ከግድግዳው ማዶ ትብለጥ፣
«ኧረ ማን ነው ያራው?» አለች።