ዘጠና ሰባት ከመቶ

የአቶ እንየው ልጅ ሰርግ፣ አርባ ሁለት ደቂቃ፣
ካደረ ከዋለ፣ ይኸው አላበቃ።
ሽምብጥ፣ ከቆርቆሮ ሥር፣ ኮምፒውተሬ ያጓራል፣
አቀበት እንደያዘ ሲኖትራክ እያለከለከ ይወጣል፤
አንድ መቶኛ ጨምሮ፣ ቆሞ ያስባል።

ስልኬ ይጮኻል፦ «ደረሰ?» «እየደረሰ ነው» እላለሁ፣
ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰርግ በአፌ አበስላለሁ፤
ቀብዱ ለካሜራው ዕዳ ገብቶ፣ የቀረውን ስጠብቅ አለሁ።

ደረቱን ፈትቼ በዶሮ ላባ ጠረግሁት፣
የሦስት በጋ አቧራ ከፋኑ ላይ አራገፍሁት፣
ጠረጴዛውን ጎትቼ ፊቱን ወደ ሐይቁ መለስሁት፦
«በል፣ የጣናን ነፋስ ጠጣ፤ ሌላ ማቀዝቀዣ የለኝም» አልሁት።

በአጥሩ ቀዳዳ ለመንኋት፣ ውዴን፣ ጎረቤቴን፦
«ምድጃሽን ለዛሬ አጥፊው፣ አታውርጅብኝ መብራቴን።»
«የማን ሰርግ ነው?» አለች። ነገርኋት። ሣቋ አጥሩን ዘለለ፦
«የሷ እንኳ ሆዷ ገፍቷል፤ ለክርስትናው በደረሰልህ፣ ምን አለ!»
ምድጃውን ግን አጠፋችው።

ሰማንያ። ዘጠና። ዘጠና አራት።
ወገቤ ውሃ እንደጠጣ የደንገል ታንኳ ከብዷል በሌሊት።
ዘጠና ሰባት፤
እልም አለ መብራት።

ፋኑ አንዴ ተነፈሰ፣ ቀስ ብሎም ዝም አለ፤
ሐይቁ ዳር እንቁራሪቱ ካቆመበት ቀጠለ።
እሱ ካቆመበት። እኔ ከዜሮ።

በጨለማው መስኮት የአጥማጅ ፋኖስ፣ አንድ ብቻ፣ ይታያል፤
መረቡን ጥሎ ይጠብቃል። ማን ነው ዓሣን የሚያቻኩል?

ማለዳ ወደ አንሙት ሄድሁ፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ወዳለው ጠጋኝ፣
ከሞቱ ላፕቶፖች ክምር መሐል ቀና ብሎ አየኝ፦
«ራም ጨምር፣ ዲስክህን ቀይር» ብሎ አዘዘ፣
ዋጋውን ሲነግረኝ ምላሴ ደነዘዘ።
ፊቴን አይቶ መሰል፣ ነገሩን አለዘበ፣
መፍቻውን በጥርሱ ይዞ ጥቂት አሰበ፦
«እንዴት ነው የምታርሰው? ግራፊክስ ካርድ አለህ አይደል?
አንዱን በሬ ገድለኸው፣ ሌላው ጥላ ሥር ያመነዥካል!
ሁለቱን ጥመዳቸው። ቀለል ያለ ቅጂ አውጣና፣
በሱ ቁረጥ፣ በሱ ስፋ፤ ዋናው ይጠራል በኋላ ገና።»

ጠመድኋቸው። እውነቱን ነው፤ አራት ሰዓት ተረፈ።
ግን ሰባት ቀረ። በሰባት ሰዓት መብራት በኛ ሰፈር ስንቴ መጣ፣ ስንቴ አለፈ።

ያኔ ነው የገለጥሁት የሰርጉን ድርብርብ፣
ሽፋን በሽፋን፣ ልብ በልብ ላይ፣ ርግብ በርግብ፣
የሚያብለጨልጭ የወርቅ ፊደል፣ ከሰማይ የሚረግፍ አበባ፣
የሚሽከረከር ቀለበት፣ ያውም በእናቲቱ ዕንባ።
በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሃያ አምስት ሥዕል ነበረ፤
በያንዳንዱ ጀርባ የኔ ኩንታል ተጭኖ አደረ።
ማሽኑን ስረግም ከረምሁ፤ ጫኙ ማን ነበረ?

ማጥፋት ጀመርሁ። ልቦቹን፣ ጭጋጉን፣ ወርቁን፣
ከዘጌ ሲመለሱ ጀልባዋ ላይ የሰቀልሁትን ርግብ፣ ነጩን።

ከርግቧ ሥር
አንድ ፔሊካን ነበር።
እውነተኛ፣ ከባድ፣ በአገጩ ከረጢት ዓሣ የቋጠረ፣
ጀልባዋን ከጎን ከጎኗ ሲሸኝ የነበረ።
ሙሽራዋ ቬሎዋን ገልጣ በሱ ትሥቃለች፣
የቀኑን ሣቅ ሁሉ ለዚህ ያጠራቀመች መሰለች፤
አቶ እንየው አዲሱን ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፣
ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ውሃ ፈርተው ይሁን ሲመርቁ፣ ማን ያውቃል።
ሦስት ወር ሙሉ በእጄ ነበር፤ አላየሁትም።

አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀ። መብራቱም አልጠፋም።
ውዴ ምድጃዋን ለኩሳ ነበር፤ እሱም ምንም አላለም።

ማታ ሚዜው፣ ስማቸው፣ በፍላሽ ሊወስድ መጣ፣
ቆሞ አየ፣ ተቀምጦ አየ፣ በመጨረሻ ቃል ወጣ፦
«ቆንጆ ነው። ቆንጆ ነው።
ግን ወንድሜ፣
ርግቧስ?»