ውል

ሁለት ነጭ ዓሣ ወሰድኩ ጎሕ ሲቀድ ከሐይቁ ዳር፣
አያ አንሙት መረቡን ዘርግቶ ይጠግን ነበር።
«ይኼ የጉማራ ነው፣ ያኛው የርብ ወንዝ ልጅ።»
«በምን ለየህ?» ስለው፣ «አፋቸውን እዪ እንጂ!»
ሒሳቡን ለደመወዝ አልኩት። እሺ አለ። ዱቤ ነው።
እኔ ግን አፍ አይቼ አላምንም፤ ሥራዬ አለማመን ነው።

የዓሣው ትውልድ ክር ነው፤ በሕዋሱ ጓዳ የተኛ፣
ቢዘረጋ ከጥፍሬ የሚረዝም፣ ሲጠቀለል ከዓይን የሚሸሽ፣
ውሉ የጠፋ ልቃቂት።
ድሮ ከትፈን ነበር የምናነበው፤
መጽሐፍ ቀዳዶ፣ ብጣሹን ከመሬት ለቅሞ
ማን ማንን እንደ ወለደ እንደ መገመት።
ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ቃል ሲያጋጥም
የትኛው ገጽ ላይ እንደ ነበር ማን ይነግረናል?

አሁን ሳይቆረጥ ይምጣ አልን።
ከጉበቱ ቆንጥሬ በስስ ጄሊ ቀበርኩት፣ እንዳይናወጥ፣
እንደ አራስ።
የቸኮለ ይበጥሰዋል።
እኔ ሦስቴ በጥሻለሁ፦
አንዴ እጄ ተንቀጥቅጦ፣
አንዴ መብራት ሄዶ፣
አንዴ ደግሞ (ለኃላፊዬ ለአቶ ይርሳው አልነገርኩም)
ስለ ሌላ ነገር ሳስብ።

ከዚያ ቦዩ። በመስታወት ላይ የተሰመረ፣
የራስ ፀጉር ሺህ ቦታ ተሰንጥቆ አንዱ ስንጣቂ የሚያህል።
ክሩ አፉ ላይ ይደርስና ይከማቻል፣
ማዕበል ከዳር እንደ ገፋው እምቦጭ ይተበተባል፣
ይዞራል፣ ይመለሳል፣ በራሱ ላይ ይቋጠራል፤
ስስ ኤሌክትሪክ ከኋላ እፍ ሲለው
አንድ ጫፍ ይገባል።
ውሉ ተገኘ።
የቀረው ተከተለው።

እየሳብኩት መስሎኝ ነበር። የሳበው የለም።
መታጠፊያ ቦታ ነው ያጣው፤ ቀና ከማለት በቀር ዕድል የለውም።
«ሰው ሲጠበው ይጣመማል» ይል ነበር አባቴ፣
ቀበሌ አሥራ አንድ፣ በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን ስናድር፣
እግሬን የት እንደምዘረጋ ሳጣ።
ይኼን ባየ!
ወይም ባያይ ይሻላል፤ እሱ የተናገረው ስለ ሰው ነው።

በጨለማው ክፍል ሰማያዊ መስመር፣ በላዩ አረንጓዴ ነጥቦች፣
ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል የሚታይ የመንገድ መብራት ይመስላሉ፤
አንዳንዱ አምፖል የተቃጠለ።
ፊደሉን አይደለም የማነበው፤
በነጥብና በነጥብ መሃል ያለውን ዝምታ እለካለሁ፦
ረጅም፣ አጭር፣ አጭር፣ በጣም ረጅም፣ አጭር።
የጉማራው እንዲህ ነው።
የርቡም ያንኑ ይዞ ይመጣል፣ ይመጣል፣
እስከ አንድ ቦታ።
እዚያ ላይ፦ አጭር፣ በጣም ረጅም፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም።
ጭራው ወደ ራስ፣ ራሱ ወደ ጭራ ዞሮ ገብቷል።
አርባ ክር ቆጠርኩ።
አርባውም አንድ ቃል ተናገረ።

ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። አያ አንሙት እዚያው ነው፣ እዚያው መረብ ላይ።
በጣቱ መስመሩን ተከትሎ፣ «ቋጠሮው ተገልብጧል በይኛ!» አለ።
«አዎ።»
«ካፉ ነግሬሽ ነበር።»
«ሌላ የርብ ዓሣ አምጣልኝ፤ አንድ ምስክር አይበቃም።»
ሐይቁን አየ። «ሦስት ሌሊት ጥዬ ባዶ ሳብኩ።
የወንዙን አፍ ደለል ሞልቶታል፣ መውጫ አጥተዋል።
ያንቺው ክር ሲጠበው ይቀናል አልሽ፤
ዓሣው ሲጠበው ግን አይመለስም።»

ከዚያ ዝም። መርፌው ገባ፣ ወጣ።
«ውሉን ግን አገኘሽ?»
«አገኘሁ።»
«የኔስ ውል?»
ደመወዝ ከገባ አራተኛ ቀን መሆኑ ትዝ አለኝ።